የእጅ አንጓ በካሜራ ሲታከም ምን ይገኛል? ከጅማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እኔ ጅማ ውስጥ እንጨት ሥራ ላይ ነው ያለሁት። 33 ዓመቴ ነው። ከ8 ወር በፊት ከሞተር ሳይክል ወድቄ ቀኝ እጄን ተደግፌ አረፍኩ። ራጅ ተነስቼ ስብራት የለም ተባልኩ። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሸኝ። እብጠቱ ጠፋ፤ ሕመሙ ግን አንጓዬ ላይ በትንሿ ጣት በኩል ቀረ። መዶሻ ይዤ እውላለሁ፣ ካቻቢቴ ሳዞር ግን ያስለቅሰኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ውጤቱ የቲኤፍሲሲ መቀደድ እና የስካፎሉኔት ጅማት ከፊል ጉዳት ይላል። በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አለ አሉኝ። አማቼ ደግሞ አንድ የሚያውቀው ሰው ተሠርቶ ብሶበታል ይላል። በእርግጥ ይጠቅማል? እጄ እንደ ድሮው ይሆናል? መቼ ሥራ እገባለሁ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ይጠቅማል። በዚህ መንገድ ከሚታከሙ ሰዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ይቀንሳል፣ ወደ ሥራቸውም ይመለሳሉ። «እንደ ድሮው ይሆናል ወይ?» ላልከው ግን አልፈርምልህም። ደግሞ ውጤቱን የሚወስነው ካሜራው አይደለም። የተቀደደው የቱ ጋ ነው? የክንድህ አጥንቶች መጋጠሚያቸው ላይ ላልተዋል? ርዝመታቸውስ እኩል ነው? እነዚህ ሳይታወቁ «ልሠራ ወይስ ልተው?» ማለት ዕቃው ሳይታይ ዋጋ እንደመደራደር ነው።

ወረቀትህ ላይ ሁለት ጉዳት ተጽፏል። አንድ እጅ ላይ ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

ከክንድህ ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ ይባላል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ነው። ቲኤፍሲሲ ማለት በአልና ጫፍና በአንጓው ትንንሽ አጥንቶች መካከል የተነጠፈው ልም አጥንትና ዙሪያውን የያዙት ጅማቶች ናቸው። ሁለት ሥራ አለው። በዚያ በኩል የሚመጣውን ጫና ይቀበላል። መዳፍህን ስታገላብጥ ደግሞ ራዲየስና አልና እንዳይላቀቁ አጥብቆ ይይዛል። ካቻቢቴ ማዞር ይህንኑ ማገላበጥ በኃይል ማድረግ ነው። መዶሻ ስትመታ ግን ክንድህ ብዙም አይሽከረከርም። ስለዚህ አንዱ እያመመህ ሌላው የተወህ በከንቱ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ከኤምአርአይ ወረቀቱ ይልቅ ይህቺ የካቻቢቴ ነገር ብዙ ነገረችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ልም አጥንት ደም የሚያገኘው ከዳሩ ብቻ ነው። መሐሉ የደም ሥር የለውም። ደም የማይደርሰው ቦታ ደግሞ ቢሰፉትም አይድንም። ስለዚህ መሐሉ ሲቀደድ ሐኪሙ አይሰፋውም፤ የተንጠለጠለውን ጠርዝ ቆርጦ ያጸዳዋል። ዳሩ ከአልና ላይ ሲላቀቅ ግን በክር ይሰፋል ወይም ከአጥንቱ ጋር መልሶ ይታሰራል። በሰው አፍ ሁለቱም «በካሜራ ተሠራ» ነው የሚባሉት። ማገገሚያቸው ግን የትየለሌ ይራራቃል። አማችህ የሚያውቀው ሰው የትኛው እንደተሠራለት አናውቅም። ለምን እንደባሰበትም አናውቅም። ሰውየው ዋሽቷል አልልም፤ የእሱ ታሪክ ለአንተ መልስ አይሆንም ነው የምልህ።

መሐሉ ብቻ ተቀዶ አጥንቶቹ ካልላሉ የማጽዳቱ ውጤት ደህና ነው። በታተሙት አብዛኞቹ ጥናቶች ከ10 ሰው 7 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ «ጥሩ» ወይም «በጣም ጥሩ» ከሚባለው ተርታ ይገባሉ። ሕመሙ ቶሎ ነው የሚቀንሰው፤ ሳምንታት ቢወስድ ነው።

ይህን ውጤት በተደጋጋሚ የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ። እሱም አልና ከራዲየስ ረዝሞ መገኘቱ ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በአንጓው በኩል ከሚመጣው ጫና ራዲየስ 80 በመቶ ገደማ ይሸከማል፣ አልና ቀሪውን 20 በመቶ። በአስከሬን ክንድ ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። አልናው በ2.5 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ድርሻው ወደ 42 በመቶ ዘለለ። በ2.5 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ደግሞ ወደ 4 በመቶ ወረደ። አንተ መላጊያ የምትይዝ ሰው ነህና ሁለት ሚሊ ሜትር ምን እንደሚያደርግ እኔ አልነግርህም። አልናው የረዘመበትን ሰው ልም አጥንቱን ብቻ አጽድቶ መላክ ጫናውን እዚያው ጥሎ መሄድ ነው። ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በዚያው ቀዳዳ የአልናውን ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር መላግ ይቻላል። ወይም ክንዱ ላይ አጥንቱን ቆርጦ አሳጥሮ በብረት ማሰር ይጨመራል። ይህ ሁለተኛው ከባድ ሥራ ነው፤ አጥንቱ እስኪገጥም መጠበቅ አለ። ግን አስፈላጊ ሆኖ ሳለ ከቀረ «ተሠርቶ ባሰበት» የሚባለው ወሬ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

የዳሩ ስፌትም በአብዛኛው ጥሩ ውጤት አለው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ የላላው መጋጠሚያ ይጠነክራል። የመጨበጥ ኃይል ብዙውን ጊዜ ከደህናው እጅ ከ80 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ልብ በል፣ 100 አላልኩም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ መዳፉን ሙሉ በሙሉ ሲያገላብጥ ጥቂት ዲግሪ ይጎድለዋል። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ኢምንት ነው። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ ብሎን የምታስር ሰው ነህ፤ ትንሽ ትንሽ ይታወቅሃል።

ስለ እነዚህ ቁጥሮች አንድ ነገር ልንገርህ። «ጥሩ ውጤት» ሲባል ምን እንደተለካ መጠየቅ አለብህ። ተመራማሪዎች የሚለኩት ሕመምን፣ የመጨበጥ ኃይልን፣ የአንጓውን እንቅስቃሴና ሰውየው ራሱ የሚሞላውን መጠይቅ ነው። በጣም የተለመደው ዳሽ የሚባለው መጠይቅ ነው። ከ0 እስከ 100 ይቆጥራል፤ 0 ማለት እጁ ምንም አልቸገረውም ነው። ይህ ቁጥር በ10 ነጥብ ገደማ ካልተቀየረ ሰውየው ልዩነቱ ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ አንድ ጥናት «መሻሻል ታይቷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ ታካሚው ደግሞ ቤቱ ሆኖ «ምኑ ተሻለኝ?» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ፣ ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የታከሙትን ብቻ ተከታትለው የጻፉ ናቸው። ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ሰዎች ጋር በዕጣ ለይተው ያወዳደሩት ጥቂት ናቸው። ይህ ሕክምናውን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትዋጠው።

ሁለተኛው ጉዳት የስካፎሉኔት ጅማት ነው። ስካፎይድና ሉኔት አንጓው ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። የሚያያይዛቸው ጅማት ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ ይራራቃሉ። ስካፎይድ ወደ መዳፍ በኩል ይደፋል፣ ሉኔት ወደ እጅ ጀርባ ያዘነብላል። እንዲህ ተዛብተው ሲፋጩ ከዓመታት በኋላ ልም አጥንታቸው ያልቃል። ይህ የአንጓ አርትራይተስ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሄድ ከተጻፈ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው የታተመው። ስለዚህ የዚህ ጅማት ሙሉ መበጠስ ቀልድ አይደለም።

ያንተ ግን «ከፊል» ነው የተባለው። በኤምአርአይ «ከፊል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ያቅፋል። ጅማቱ ትንሽ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል፣ ሊበጠስ የደረሰም ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚነግረው ካሜራው ነው። ሐኪሙ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ቀጭን መርማሪ ብረት ያስገባል። ብረቱ ካልገባ ጉዳቱ ቀላል ነው። ከገባና በመካከላቸው መዞር ከቻለ ከበድ ይላል። 2.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካሜራ ራሱ በመካከላቸው ካለፈ የመጨረሻው፣ አራተኛው ደረጃ ነው። ይህ አመዳደብ ከ1996 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ማጽዳቱ፣ አንዳንዴም አጥንቶቹን ለጥቂት ሳምንታት በቀጭን ሽቦ መያዙ አብዛኛውን ሰው ያሻሽለዋል። ሙሉ መበጠስ ሲሆን ግን ታሪኩ ይለወጣል። ጅማቱን መልሶ ለመስፋት የተሻለው ጊዜ ከአደጋው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ገደማ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጫፎቹ ይሰበሰባሉ፣ ይሟሽሻሉ። የሚቀረው ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መተካት ነው። እሱም ሕመሙን ቢቀንስ እንኳ ከአንጓው መታጠፍ የተወሰነውን ይወስዳል። አንተ 8 ወር አልፎሃል። ሙሉ መበጠስ ሆኖ ቢገኝ «በካሜራ አጽድተን እንልክሃለን» የሚልህን ሰው ደግመህ ጠይቀው።

ግን ገና አትደንግጥ። ሕመምህ በትንሿ ጣት በኩል ነው ያልከው። የስካፎሉኔት ጉዳት በአብዛኛው የሚያመው በእጅ ጀርባ በኩል፣ ከአንጓው መሐል ወደ አውራ ጣት ጠጋ ብሎ ነው። ስለዚህ ያንተ የስካፎሉኔት ነገር ወረቀት ላይ ያለ፣ ሕመሙን ግን የማያመጣ ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ እንዲህ ያለ ነገር ያበዛል። ምንም በማያማቸው ሰዎች አንጓ ላይ እንኳ የቲኤፍሲሲ ለውጥ ይታያል፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም ይበዛል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛ ቅድን የሚስትበት ጊዜ አለ፣ በተለይ የማሽኑ ጉልበት ዝቅ ሲል ወይም ፎቶው ለአንጓ ተብሎ ሳይነሳ ሲቀር። ወረቀት አይታከምም። የሚታከመው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ መነካት አለበት።

እስቲ ራስህ ይህን ሞክር። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሁለት መዳፍህን ከጎንህ ወንበሩ ላይ አድርግና ተደግፈህ ለመነሳት ሞክር። በትንሿ ጣት በኩል ያው ሕመም ከመጣ የቲኤፍሲሲ ጥርጣሬ ይጨምራል። ቀጥሎ በአንጓህ ጎን፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ከአልና ጫፍ ቀጥሎ ያለችውን ስርጉድ ቦታ በጣትህ ጫን በላት። ሌላውንም እጅ እንዲሁ። የአንዱ ብቻ ክፉኛ ከጠዘጠዘህ ለሐኪምህ ንገረው። እሱ ደግሞ አልናን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰ ከግራ እጅህ ጋር ያወዳድራል። ይህ የልልነት ምርመራ ከሁሉም ይበልጣል። እዚህ ላይ የሚገኘው መልስ ነው ቀጣዩን መንገድ የሚከፍለው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። መጋጠሚያው ካልላላ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ባልሮጥ እመርጣለሁ። ምክንያቱም አንተ እስካሁን በወጉ አልታከምክም። ታሽተሃል እንጂ እጅህ አላረፈም። አንጓውንና የክንዱን መሽከርከር የሚያግድ ድጋፍ ለ6 ሳምንት ያህል አድርግ። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ጨምር። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይገላገላል። 8 ወር ስላለፈ ዕድሉ ትኩስ ጉዳት ላይ እንዳለው ያህል አይደለም፤ ግን ብዙ የምታጣው ነገር የለም። መርፌ ልወጋህ የሚልህም ይኖራል። ኮርቲዞን ለጊዜው ሕመሙን ያስታግሳል፣ የተቀደደውን ግን አይገጥምም። ደጋግሞ መወጋት ደግሞ አልመክርም። መጋጠሚያው ከላላ ግን ሌላ ነው። የላላ አንጓ እያደር ይበላልና መጠበቁ አይጠቅምህም።

ስለ ወጌሻም ልበል። ብዙ ጊዜ ሰዎች እኔ ጋ ሲመጡ ይህን ሲናገሩ ያፍራሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ጅማ ውስጥ እጁ ወለም ብሎት ወጌሻ ያልሄደ ስንቱ ነው? ችግሩ ሌላ ነው። የተቀደደ ልም አጥንት በማሸት አይገጥምም። ስካፎይድ የሚባለው አጥንት ተሰብሮ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ መታሸት ጉዳት ነው። የወደቀ ሰው አንጓው ካበጠና ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላም ካመመው ራጁ መደገም አለበት። ራጅ ጅማትና ልም አጥንት አያሳይም። በስዊድን ሐኪሞች አንጓቸው አካባቢ የተሰበሩ 50 ወጣት ጎልማሶችን በካሜራ አይተው በ1997 አሳትመው ነበር። 39ኙ ላይ የቲኤፍሲሲ ቅድ አገኙ። ስብራቱ በጄሶ ከዳነ በኋላ «ለምን ያመኛል?» የሚሉ ሰዎችም ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ክንድ ብቻ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴ ሙሉ ሰመመን ይሰጣል። ጣቶችህ ተይዘው እጅህ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከ4.5 እስከ 7 ኪሎ ግራም በሚሆን ክብደት አንጓው በትንሹ ይከፈታል። በእጅህ ጀርባ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች ይበጃሉ። ካሜራው 1.9 እስከ 2.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጉልበት ላይ ይህ ዘዴ ቀድሞ ነበር። ለአንጓ ግን ጠባብነቱ አስቸግሮ በ1979 ነው ስለ አንጓ የተጻፈው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው የተስፋፋው። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጉዳት የለውም እንዴ? አለው። በአውሮፓ ሐኪሞች ከ10,000 በላይ የአንጓ አርትሮስኮፒዎችን (ይህንኑ በካሜራ የሚሠራ ሕክምና) ሰብስበው ቆጥረው ከ100 ውስጥ 6 ያህሉ ላይ አንድ ዓይነት ችግር አግኝተዋል። ብዙው ቀላል ነው። አንተን የሚመለከተው በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፈው የስሜት ነርቭ ነው። ቲኤፍሲሲ ሲሰፋ ክሩ ወይም መሣሪያው ሊነካው ይችላል። ያኔ በትንሿ ጣትና በቀለበት ጣት ጀርባ ላይ መደንዘዝ ወይም መንዘር ይመጣል። ብዙ ጊዜ እያደር ይለቃል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የአንጓው መድረቅ፣ የጣት ዘርጊ ጅማት መጎዳት፣ ኢንፌክሽንም አሉ፤ ኢንፌክሽኑ ብርቅ ነው። በጣም የምፈራው እጁ ማበጥ፣ መጋልና ከልክ ያለፈ ሕመም ሲቀጥል ነው፤ እሱን ቶሎ መያዝ ያስፈልጋል። በዚያው ጥናት ሐኪሙ ብዙ በሠራ ቁጥር ችግሩ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ «ዶክተር፣ ይህን በዓመት ስንት ትሠራለህ?» ብለህ ብትጠይቅ ነውር አይደለም። ደህና ሐኪም አይቆጣም።

ማን ላይ ነው ውጤቱ የሚከፋው? ከጉዳቱ ብዙ ጊዜ ያለፈበት ሰው ላይ። አልናው የረዘመበት ላይ። ልም አጥንቱ ከመቀደድ አልፎ የአጥንቶቹ ሽፋን የተበላበት ላይ። ሲጋራ የሚያጨስ ላይ። ይህን የመጨረሻውን ለጅማ ሰው ደግሜ እላለሁ። «እኔ አጫሽ አይደለሁም፤ ጫት ላይ ብቻ ነው» የሚል ብዙ ነው። ጫት ስትቅም ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ግን፣ ጫቱ በየቀኑ ሲሆን ሲጋራውም በየቀኑ ነው። ኒኮቲን ቀጭን የደም ሥርን ያጠባል። የተሰፋው ዳር ደግሞ ተስፋው ያቺው ቀጭን የደም ሥር ናት። አጥንቱ የሚያጥር ከሆነማ ይብሳል፤ አለመግጠም ይመጣል። ከመሠራትህ ቀደም ብለህ አቁም፣ ቢያንስ እስኪድን ድረስም አትመለስ።

አሁን ሥራ። መሐሉ ብቻ ከጸዳ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ድጋፍ ታደርጋለህ። ቀላል ነገር ቶሎ ትጀምራለህ። ያንተን ዓይነት ከባድ ሥራ ግን ከ6 ሳምንት በፊት አታስበው፤ እስከ 3 ወርም ሊሄድ ይችላል። ዳሩ ከተሰፋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክንድህ እንዳይሽከረከር ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ጄሶው ወይም ድጋፉ ከክርን በላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ሰው ይሰላቻል። ክርኑ ላይ ያለውን ጄሶ ራሱ ቆርጦ የሚመጣም አይጠፋም። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ አለ። ወደ ከባድ ሥራ መመለስ 3 ወይም 4 ወር፣ አንዳንዴ 6 ወር ነው። ጉልበቱ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እየጨመረ ይሄዳል። አልናው ካጠረ አጥንቱ በራጅ ገጥሞ እስኪታይ ትጠብቃለህ።

ወርክሾፕ ስትመለስ በእጅ ካቻቢቴ አትጀምር። በድሪል ማሰር ይሻላል እንዳትል፤ ድሪሉ ብሎን ላይ ሲነክስ አንጓህን በድንገት ይጠመዝዘዋል። ያ ምት ለተሰፋ ነገር ጠላት ነው። መጀመሪያ ልኬትና ምልክት፣ ቀጥሎ በቀላል እጅ ማለስለስ፣ መጋዝና መላጊያ በመጨረሻ። ከተቻለ ለእነዚያ ወራት አንድ ረዳት ያዝ። ቤትም ውስጥ ጄሪካን በአንድ እጅ ማንሳትና እርጥብ ልብስ መጭመቅ ቀኙን እጅ ይጎዱታል፤ ለጊዜው ለሌላ ሰው ተዋቸው። ሞተሩንም እንዲሁ። የጋዝ እጀታው በቀኝ በኩል ነው፣ ያውም በሚሽከረከር አንጓ።

በአቅራቢያህ ካሜራው ባይገኝስ? ይህን ባትጠይቀኝም እመልሳለሁ። የዳሩ ስፌት በተለመደው መንገድ፣ ቆዳ ከፍቶም ይሠራል። ሁለቱን ያወዳደሩ ጥናቶች አንዱ ከሌላው ግልጽ ብልጫ እንዳለው አላሳዩም። ጠባሳው ይለያል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምቾት ይለያል። የካሜራው ትልቅ ጥቅም ውስጡን ሁሉ ማሳየቱ ነው፤ ቲኤፍሲሲውንም ስካፎሉኔቱንም በአንድ ጊዜ። ስለዚህ ልምድ ያለው የእጅ ሐኪም ከፍቼ እሠራልሃለሁ ቢልህ ኋላ ቀር ነው ብለህ አትሽሽ።

ምርመራውን እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ክፍል ጀምር። ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ከተላክ ጉዞው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳትነሳ ደውለህ የአንጓ አርትሮስኮፒ መሣሪያው መኖሩን፣ የሚሠራውም የእጅ ሐኪም መሆኑን አረጋግጥ። የጉልበት ካሜራ ያለው ሁሉ የአንጓ የለውም። ከተሠራህ በኋላ እጅህን ከልብህ ከፍ አድርገህ ያዝ፤ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ አትውጣ። ክር የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እሱን ጅማ ማስወጣት ትችላለህ። ፊዚዮቴራፒውንም እዚሁ መከታተል ይቻላል። ነገር ግን ምን እንደተሠራ በዝርዝር የተጻፈበትን የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ሳትይዝ አትመለስ። ፊዚዮቴራፒስቱ የተሰፋና የጸዳ አንጓ በአንድ ዓይነት ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ትኩሳት፣ መግል፣ የጣት መጥቆር ወይም ጄሶው ውስጥ የማያላውስ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቅ።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ራጅ አስነሳ። አንደኛው ሁለቱንም እጅህን በጡጫ ጨብጠህ የሚነሳ የአንጓ ራጅ ነው። በስካፎይድና በሉኔት መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈና ከግራው ከሰፋ ጅማቱ ከፊል አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው የአልናን ርዝመት ለመለካት ነው። ክንድህ ከትከሻ ወደ ጎን 90 ዲግሪ ይነሳ፣ ክርንህ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ መዳፍህ ጠፍጣፋ ይሁን። በሌላ አኳኋን ከተነሳ አልናው የረዘመ ወይም ያጠረ መስሎ ያሳስታል። የራጅ ባለሙያው ቸኩሎ ሊያልፈው ስለሚችል ትእዛዙ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። የኤምአርአዩንም ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይዘህ ሂድ፤ ሐኪሙ ፎቶውን በራሱ ዓይን ማየት አለበት።